ስህተቱን ያልሰረዘው ሐኪም፦ ጂሮላሞ ካርዳኖና የዳይስ ቆጠራ

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ አንዲት የወርክሺት ጥያቄ ናት። ጥያቄዋ አጭር ነበረች። አንድ ዳይስ ሦስት ጊዜ ቢወረወር ቢያንስ አንዴ ስድስት የመምጣት ዕድሉ ስንት ነው? የፕሮባቢሊቲ መግቢያ ኮርስ በጀመርንበት ሰሞን፣ ማታ ዶርም ውስጥ ሦስት ሆነን እየሠራን ነበር። እኔ ብዙም ሳላስብ መለስኩ። በአንድ ውርወራ ስድስት የመምጣት ዕድሉ 1/6 ነው፤ ሦስት ጊዜ ስለሚወረወር 3/6፣ ማለትም ግማሽ። ጓደኞቼም አምነውኝ ገለበጡ።

በማግስቱ ቱቶሪያል ላይ መምህራችን መልሳችንን አይተው አልተቆጡም። ስድስት ጊዜ ብንወረውረውስ ብለው ብቻ ጠየቁን። በእኛ ሒሳብ 6/6 ሊሆን ነው፤ ስድስት ጊዜ የወረወረ ሰው ስድስት ማግኘቱ የግድ ነው ማለት ነው። ሰባት ጊዜ ቢወረወርማ ከአንድ የሚበልጥ ፕሮባቢሊቲ ሊመጣ ነው! ልጅ ሆኖ ሉዶ የተጫወተ ሰው ደግሞ እውነቱን ያውቃል። ጓደኞቹ ሰሌዳውን ሲዞሩ፣ ስድስት እምቢ ብሎት አንዲት ጠጠር ከቤት ሳያወጣ የተቀመጠ ስንት አለ? እኔ ራሴ ተቀምጫለሁ። ታዲያ ያንን እያወቅኩ እንዴት ግማሽ ብዬ ጻፍኩ? በጣም አፈርኩ። ዶርም ስገባ ያችን ገጽ ከደብተሬ ቀድጄ ጣልኳት።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ላይብረሪ ውስጥ የፕሮባቢሊቲን ታሪክ ሳነብ አንድ ሰው አገኘሁ። ያችኑ የእኔን ስህተት፣ ሦስት ውርወራዋ እንኳ ሳይቀር፣ ከአራት መቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ቀድሞኝ ጽፏታል። ልዩነታችን አንድ ነው፤ እሱ ገጹን አልቀደደም። ሰውየው ጂሮላሞ ካርዳኖ ይባላል። በሙያው ሐኪም፣ በፍቅሩ የሒሳብ ሰው፣ በአመሉ ደግሞ ቁማርተኛ ነበር። በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ላሳውቅና ወደ ታሪኩ ልግባ።

ያልተፈለገ ልጅ

ካርዳኖ የተወለደው ሴፕቴምበር 24 ቀን 1501 በሰሜን ኢጣሊያ፣ ፓቪያ በምትባል ከተማ ነው። አባቱ ፋዚዮ ካርዳኖ የሚላኖ የሕግ ባለሙያ ነበር። ሒሳብም ጠንቅቆ ስለሚያውቅ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ በጂኦሜትሪ ጉዳይ ያማክረው ነበር። እናቱ ኪያራ ግን በዚያ ጊዜ የፋዚዮ ሕጋዊ ሚስት አልነበረችም። ሳትፈልገው በመፀነሷ ለማስወረድ መድኃኒት ወስዳ እንደነበር ካርዳኖ ራሱ በስተርጅናው በጻፈው ግለ ታሪክ ውስጥ ሳይደብቅ አስፍሮታል። ሚላኖን ወረርሽኝ መትቷት ስለነበር እናቱ ወደ ፓቪያ ሸሽታ ወለደችው። ከእሱ በፊት የወለደቻቸው ሦስት ልጆች ግን በዚያ ወረርሽኝ አለቁ። እንግዲህ ይህ ሰው መወለዱም፣ ተወልዶ ማደጉም የዕድል ነገር ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በፓቪያና በፓዱዋ ሕክምና ተማረ። ተማሪ ሳለ፣ በ1524 አባቱ ሞተ። የተረፈችውን ጥቂት ውርስ ቶሎ ጨረሳት። ከዚያ በኋላ ኪሱን የሚሞላው በካርታ፣ በዳይስና በቼዝ ሆነ። መቁጠር ይችል ስለነበር ከተበላበት ቀን የበላበት ይበዛ ነበር። ይሁንና አብረውት የሚቀመጡት ሰዎች ምን ዓይነት እንደነበሩ መገመት አያዳግትም። አንድ ጊዜ አብሮት ካርታ የሚጫወተው ሰው ሲያጭበረብረው አገኘሁት ብሎ ፊቱን በጩቤ እስከ መተልተል ደርሷል።

ዶክተር ተብሎ ተመረቀ። ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የሚላኖ የሐኪሞች ማኅበር በአባልነት አልቀበልህም አለው፤ ምክንያቱ ደግሞ ከሕጋዊ ጋብቻ አልተወለድክም የሚል ነበር። የማኅበሩ አባል ያልሆነ ሰው ደግሞ በከተማዋ እንደ ልቡ ማከም አይችልም። ፓዱዋ አጠገብ ወዳለች ሳኮ ወደምትባል ትንሽ ቦታ ሄዶ ማከም ጀመረ። በ1531 ሉቺያ የምትባል ሴት አገባ። ቀጥሎም ሚላኖ አካባቢ ወዳለችው ጋላራቴ ተዛወረ። ገቢው ግን ቤት የሚያቆም አልሆነም። ያን ጊዜ ወደ ለመደው ዳይስ ዞረ። አሁን ግን እንደ ተማሪነቱ ዘመን አልቀናውም። የሚስቱን ጌጣጌጥና የቤቱን ዕቃ ሳይቀር በቁማር አስበላ። መጨረሻ ላይ ባልና ሚስት ሚላኖ ውስጥ የድሆች መጠለያ ገቡ።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አሰብኩ። ይህ ሰው እኮ በዘመኑ ስለ ዳይስ ከማንም በላይ የሚያውቅ ነው! ማወቁ ለምን አላዳነውም? ወደዚህ ጥያቄ በኋላ እመለስበታለሁ።

ከመጠለያው ያወጣው ሒሳብ ነው። በ1534 ገደማ አባቱ ያስተምርበት በነበረው የፒያቲ ተቋም የሒሳብ መምህር ሆኖ ተቀጠረ። በጎን ሰዎችን እያከመ ስሙ እየገነነ ሄደ። በ1539 የሐኪሞቹ ማኅበር ወዶ ሳይሆን ተገዶ በሚመስል ሁኔታ በአባልነት ተቀበለው።

ዙሩን መቁጠር

ካርዳኖ ስለ ዕድል ጨዋታዎች የጻፈው መጽሐፍ በላቲን ሊቤር ዴ ሉዶ አሌኤ ይባላል። በወጣትነቱ ጀምሮት በ1560ዎቹ፣ በእርጅናው፣ እንደገና ነካክቶታል። ሥርዓት ያለው መማሪያ መጽሐፍ አይደለም። የእኛን ደብተር ይመስላል ብል ይሻላል። ምክር አለበት፣ የአጭበርባሪዎች ዘዴ አለበት፣ ጥንታዊ ታሪክ አለበት፣ በመሃል ደግሞ ሒሳብ አለበት።

የሒሳቡ መሠረት አንድ ሐሳብ ነው። ከመወራረድህ በፊት ሊሆኑ የሚችሉትን ሁሉ ዘርዝረህ ቁጠር፤ ከዚያ ከእነሱ ውስጥ ላንተ የሚሆኑትን ቁጠር፤ ሁለቱን አነጻጽር። ሊሆኑ የሚችሉትን ሁሉ የሚጠራው ዙር በሚል ቃል ነው። ይህ እኛ ዛሬ ሳምፕል ስፔስ የምንለው ነው። ለአንድ ዳይስ ዙሩ 6፣ ለሁለት 36፣ ለሦስት 216 ነው። ይህ የሚሠራው ግን ዳይሱ ካልተጭበረበረና ሁሉም ገጾች እኩል የመምጣት ዕድል ካላቸው ብቻ መሆኑን ደጋግሞ ያስጠነቅቃል። እኛም ኢኳሊ ላይክሊ እያልን ሳናስብ የምናልፋት ቃል ይህችው ናት።

እስቲ ሦስቱን ዳይስ አብረን እንቁጠር። ሦስቱም አንድ ዓይነት የሚሆኑባቸው መንገዶች 6 ናቸው። ሁለቱ አንድ ዓይነት ሆነው ሦስተኛው የሚለይባቸው ደግሞ፣ ጥንዱ ቁጥር በ6 መንገድ፣ የተለየው በ5 መንገድ ይመረጣል፤ የተለየው በየትኛው ዳይስ ላይ ይውጣ ለሚለው 3 ምርጫ አለ። ስለዚህ 6 × 5 × 3 = 90። ሦስቱም የሚለያዩባቸው 6 × 5 × 4 = 120። ሲደመር 6 + 90 + 120 = 216። ዙሩ ሞላ! ካርዳኖም ያገኘው እነዚሁኑ ቁጥሮች ነው። አንድ ችግር ስሠራ ክፍሎቹ ተደምረው ሙሉውን ካልሰጡኝ የሆነ ቦታ ተሳስቻለሁ ማለት ነው። ይህችን ማረጋገጫ ከእሱ ነው የወሰድኳት።

ሌላው ብዙዎቻችንን የሚያሳስተው የቅደም ተከተል ጉዳይ ነው። ሁለት ዳይስ ወርውረን 1 እና 2 ቢመጣ፣ በመጀመሪያው 1 በሁለተኛው 2 መምጣቱ አንድ ነገር ነው፤ በመጀመሪያው 2 በሁለተኛው 1 መምጣቱ ሌላ ነው። ይህንን ያልለየ ሰው ድምሩ 9 እና ድምሩ 10 በሦስት ዳይስ እኩል ይመጣሉ ብሎ ይከራከራል፤ ምክንያቱም ሁለቱም በስድስት ዓይነት ስብስብ ይገኛሉ። ለ9፦ 1-2-6፣ 1-3-5፣ 1-4-4፣ 2-2-5፣ 2-3-4፣ 3-3-3። ለ10፦ 1-3-6፣ 1-4-5፣ 2-2-6፣ 2-3-5፣ 2-4-4፣ 3-3-4። ግን ሦስቱም የተለያዩ ቁጥሮች በ6 መንገድ ይደረደራሉ፤ ጥንድ ያለባቸው በ3፣ 3-3-3 በ1 ብቻ። ስለዚህ ለ9 የሚሆነው 6 + 6 + 3 + 3 + 6 + 1 = 25 ሲሆን ለ10 የሚሆነው 6 + 6 + 3 + 6 + 3 + 3 = 27 ነው። ካርዳኖ ከሞተ በኋላ ይኸው ጥያቄ ለጋሊሊዮም ቀርቦለት ነበር። እሱም በዚሁ መንገድ ቆጥሮ መልሶታል።

ስህተቱና እርማቱ

አሁን ወደዚያች የወርክሺት ጥያቄ እንመለስ። ካርዳኖ በመጽሐፉ መጀመሪያ አካባቢ ስለ አንድ ዳይስ ሲጽፍ፣ ዙሩ 6 ስለሆነ የዙሩ ግማሽ፣ ማለትም ሦስት ውርወራ፣ የምትፈልገው ቁጥር ለመምጣቱና ላለመምጣቱ እኩል ነው ብሎ ደመደመ። ልክ እንደ እኔ! በሁለት ዳይስም ሁለት ስድስት አንድ ላይ ለማግኘት የ36 ግማሽ፣ 18 ውርወራ፣ እኩል ዕድል ይሰጣል አለ። ይህም ስህተት ነው።

ገጾቹን እየገለጡ ሲሄዱ ግን ሰውየው ራሱ ሌላ ነገር እየቆጠረ ይገኛል። በሁለት ዳይስ ቢያንስ አንዱ ላይ የተፈለገው ቁጥር የሚመጣባቸው መንገዶች ስንት ናቸው? በመጀመሪያው 6፣ በሁለተኛው 6፣ ሁለቱም ላይ የመጣበት ሁለት ጊዜ ስለተቆጠረ አንድ ይቀነሳል፤ 11 ይሆናል እንጂ 12 አይሆንም። በሦስት ዳይስ ደግሞ ቁጥሩ ጨርሶ የማይመጣባቸው 5 × 5 × 5 = 125 ናቸው፤ የሚመጣባቸው 216 − 125 = 91። ግማሽ ለመሆን 108 ያስፈልግ ነበር። አንዱን ዳይስ ሦስት ጊዜ መወርወርና ሦስት ዳይስ አንዴ መወርወር ለዚህ ጥያቄ አንድ ነው። ስለዚህ ትክክለኛው መልስ 91/216፣ ወይም 42 በመቶ ገደማ ነው። መምህራችን ስለጠየቁን ስድስት ውርወራ ደግሞ ብናሰላው 66.5 በመቶ ይሆናል። ሉዶ ላይ ከሦስት ሰው አንዱ ስድስት ጊዜ ወርውሮም ከቤት አይወጣም ማለት ነው። የልጅነት ንዴቴ ሒሳባዊ ማብራሪያ አገኘ!

ሁለተኛው ስህተቱ የበለጠ ያስተምራል። አንድ ነገር ሁለት ጊዜ በተከታታይ እንዲሆን ብንወራረድ ዕድሉ ስንት ይሆናል የሚለውን ሲፈልግ፣ በመጀመሪያ የማይሆነውን ለሚሆነው ያለውን ምጥጥን በራሱ ማባዛት በቂ መሰለው። ከዚያ ሐሳቡን በቀላሉ ምሳሌ ሞከረው። በአንድ ዳይስ ተጋማሽ ቁጥር የመምጣቱ ምጥጥን 1 ለ 1 ነው። 1 ለ 1 በራሱ ቢባዛ ያው 1 ለ 1 ነው። ይህ እውነት ከሆነ ተጋማሽ ቁጥር ሁለት ጊዜም፣ ሦስት ጊዜም፣ ሃያ ጊዜም በተከታታይ መምጣቱ ከአንድ ጊዜው እኩል ሊሆን ነው። ይህ የማይሆን ነገር መሆኑን አየ። ስለዚህ አዲስ ምዕራፍ ከፍቶ፣ ምዕራፉንም በስህተቱ ሰይሞ፣ መባዛት ያለበት ሙሉው ዙርና ከእሱ ውስጥ የሚሆነው ክፍል ነው ሲል አረመው። ሁለት ጊዜ ለመምጣት 1/4፣ ስለዚህ 3 ለ 1 የማይሆን፤ ሦስት ጊዜ ለመምጣት 1/8፣ ስለዚህ 7 ለ 1 የማይሆን። ዛሬ የማባዛት ሕግ ብለን በአንድ መስመር የምንሸመድደው ነገር መጀመሪያ የመጣው እንዲህ ተሳስቶ፣ ተጠራጥሮ፣ ታርሞ ነው።

የሚገርመው የተሳሳተውን ምዕራፍ አውጥቶ አለመጣሉ ነው። ስህተቱና እርማቱ ጎን ለጎን ቁጭ ብለዋል። አንዳንዶች ይህን እንደ መዝረክረክ ይቆጥሩበታል። ለተማሪ ግን ከዚህ የተሻለ መማሪያ ያለ አይመስለኝም፤ ሰውየው የሄደበት መንገድ ሁሉ ይታያልና።

ዝናና ሐዘን

ካርዳኖን ዓለም ያወቀው ግን በዳይስ አይደለም። በ1545 አርስ ማግና የተባለውን የአልጀብራ መጽሐፍ አሳተመ። የሦስተኛና የአራተኛ ዲግሪ እኩልታዎች መፍቻ የወጣው እዚያ ላይ ነው። የሦስተኛውን መፍቻ ታርታሊያ በምስጢር እንዲይዝለት አስምሎ ነግሮት ስለነበር በሁለቱ መካከል ከባድ ጠብ ተነሣ። የአራተኛውን ያገኘው ደግሞ በካርዳኖ ቤት በአገልጋይነት ገብቶ ተማሪው የሆነው ፌራሪ ነው።

በሐኪምነቱም ከአውሮፓ ጫፍ ይጠሩት ጀመር። በ1552 እስከ ስኮትላንድ ሄዶ በአስም ይሠቃዩ የነበሩትን ሊቀ ጳጳስ ጆን ሃሚልተንን አከመ። የላባ ፍራሽና ትራሳቸው እንዲቀየር ማድረጉ ይነገርለታል፤ ሊቀ ጳጳሱም ተሻላቸው። ሲመለስ ለንደን ላይ የወጣቱን ንጉሥ ኤድዋርድ 6ኛን ኮከብ ቆጠረና ከሃምሳ ዓመት በላይ ይኖራል አለ። ንጉሡ ግን በዓመቱ፣ በ1553፣ በ15 ዓመቱ ሞተ። ካርዳኖ ይህንንም አልደበቀም። የተሳሳተውን ትንቢት ከማብራሪያ ጋር ራሱ አሳተመው። በአንድ እጁ ዳይስ የሚቆጥር፣ በሌላው ኮከብ የሚቆጥር ሰው ነበር። የዘመኑ ሰው ነውና አይፈረድበትም።

ትልቁ ሐዘን የመጣው ከቤቱ ነው። የሚወደው የበኩር ልጁ ጃምባቲስታ እንደ አባቱ ሐኪም ሆነ። ያገባት ብራንዶኒያ የምትባል ሴት ልጆቿ ከእሱ እንዳልሆኑ እየተናገረች ታቃልለው ነበር። በ1560 መርዝ አብልቶ ገደላት ተብሎ ተያዘ፤ አመነም። አባቱ ጠበቃ ከማቆም አልፎ ራሱ ተከራከረለት። አልሆነም። ልጁ ኤፕሪል 13 ቀን 1560 በሞት ተቀጣ። ካርዳኖ ከዚያ በኋላ እንደ ቀድሞው አልሆነም። ሚላኖን ትቶ በ1562 ቦሎኛ የሕክምና ፕሮፌሰር ሆነ። ሁለተኛው ልጁ አልዶ ደግሞ ቁማርተኛ ወጣ፤ የአባቱን ገንዘብና ዕቃ እስከ መስረቅ ደረሰ። በ1569 አባት ልጁን ራሱ ከሰሰው፤ ልጁም ከቦሎኛ ተባረረ። የሚስቱን ጌጥ በዳይስ ያስበላው ሰው በስተርጅናው ያንኑ ነገር በልጁ አየው።

በ1570 ስለ ምጥጥን ባሳተመው መጽሐፍ ኮምቢኔሽንን አንዱን ከሌላው እያወጡ የማስላት ሕግ አስቀመጠ። በዚያው ዓመት በመናፍቅነት ተጠርጥሮ ታሰረ። ከተነሡበት ነገሮች አንዱ የኢየሱስ ክርስቶስን ኮከብ ቆጥሮ መጻፉ ነው። ከወራት በኋላ ተፈታ፤ ማስተማርና ማሳተም ግን ተከለከለ። በ1571 ወደ ሮም ሄደ፤ በመጨረሻም ከጳጳሱ ጡረታ አገኘ። ግለ ታሪኩን እዚያ ጽፎ ሴፕቴምበር 21 ቀን 1576፣ 75 ዓመት ሊሞላው ሦስት ቀን ሲቀረው ዐረፈ። የሞተበትን ቀን አስቀድሞ ተንብዮ ስለነበር ትንቢቱ እንዲሰምር ምግብ ተወ የሚል ወሬ ተከትሎታል። እኔ ወሬ ነው ብዬ አልፌዋለሁ።

የጓደኛዬ ትኬት

ማወቁ ለምን አላዳነውም ብዬ የጠየቅኩትን ልመልስ። መልሱን ያገኘሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከዶርማችን ነው። አብሮን ይኖር የነበረ አንድ ልጅ በኳስ ውርርድ ተያዘ። አምስት ጨዋታ መርጦ፣ አምስቱም ከተሳኩለት ብቻ የሚበላበት ትኬት ይቆርጣል። አንድ ማታ አንተ የስታቲስቲክስ ልጅ ነህ፣ እስቲ አስላልኝ አለኝ። እያንዳንዱን ጨዋታ ሰባ በመቶ እርግጠኛ ነኝ ስላለ ትኬቱንም ሰባ በመቶ አድርጎ ይዞታል። ካርዳኖ መጀመሪያ የተሳሳተው ይህንን አይደል? አንዱ ሁለት ጊዜም፣ ሃያ ጊዜም ያው እኩል ሆኖ መታየቱ! ወረቀት አወጣሁና ጨዋታዎቹ አንዱ ሌላውን የማይነኩ ናቸው ብለን እንያዝ አልኩት። 0.7ን አምስት ጊዜ አባዛሁት፤ 0.168 መጣ። ከስድስት ትኬት አንዱ ገደማ ማለት ነው። ያውም ሰባ በመቶ ያለው ግምት እውነት ከሆነ ነው።

ወረቀቱን አየ፣ ገባው፣ አመሰገነኝ። በማግስቱ ሌላ ትኬት ቆረጠ። ሴሚስተሩ ሳያልቅ ላፕቶፑን ሸጠ።

በጣም አዘንኩ፤ በራሴም ተናደድኩ። በኋላ ግን ካርዳኖ ትዝ አለኝ። ያ ሰው በመጽሐፉ ውስጥ ለቁማርተኛ የሚበጀው ትልቁ ጥቅም ጨርሶ አለመጫወት መሆኑን ጽፏል። ይህን የጻፈው እጅ ግን ለ25 ዓመት ያህል ዳይስ ሲወረውር የኖረ እጅ ነው። መቁጠር ከብዙ ውርወራ በኋላ ምን እንደሚሆን ይነግራል እንጂ የሚቀጥለውን ውርወራ አይነግርም፤ እጅንም አይዝም። ይህንን የሚይዘው ሌላ ነገር ነው። ሆኖም ያልቆጠረ ሰው የሚሸሸውን ነገር እንኳ አያውቀውም። ጓደኛዬ በሚቀጥለው ዓመት ያችን ወረቀት እስካሁን ደብተሩ ውስጥ እንዳስቀመጣት ነገረኝ። ትኬት መቁረጡን ትቷል። በወረቀቷ ነው አልልም፤ አልጣላትም ግን።

ለመልመጃ

የካርዳኖ የዳይስ መጽሐፍ በሕይወቱ ዘመን አልታተመም። ሥራዎቹ በሙሉ ሊዮን ላይ በአሥር ቅጽ ሲወጡ፣ በ1663፣ ከሞተ ከ87 ዓመት በኋላ ነው ብርሃን ያየው። እስከዚያ ድረስ ግን ፓስካልና ፌርማ በ1654 ደብዳቤ ተጻጽፈው የፕሮባቢሊቲን ትምህርት መሠረት ጥለዋል፤ ሁይገንስም በ1657 መጽሐፍ አሳትሟል። በዚህ ምክንያት ስሙ ከእነሱ በኋላ ይነሣል። ከፓስካል ጥያቄዎች አንዱ ካርዳኖ 18 ብሎ የተሳሳተበት ያው የሁለት ስድስት ጉዳይ ነበር። ትክክለኛው መልስ፣ በ24 ውርወራ ዕድሉ 49.1 በመቶ ሆኖ ከግማሽ ጥቂት ያንሳል፤ በ25 ውርወራ 50.6 በመቶ ይሆናል።

እኔ አሁን ጥያቄ ስሠራ የማደርገው ይህንን ነው። መጀመሪያ ዙሩን በትንሹ እዘረዝራለሁ፤ በሦስት ዳይስ ከከበደኝ በሁለት፣ በሁለት ከከበደኝ በአንድ። ቢያንስ አንዴ የሚል ቃል ካየሁ የማይሆነውን ቆጥሬ እቀንሳለሁ። ክፍሎቹ ሙሉውን መስጠታቸውን አያለሁ። መልሴ ትክክል ሲመስለኝ ደግሞ ቁጥሩን አሳድጌ እሞክረዋለሁ፤ ስድስት ጊዜ ቢሆንስ? ሃያ ጊዜ ቢሆንስ? መምህራችን የጠየቁን፣ ካርዳኖም ራሱን የጠየቀው ይህንኑ ነበር።

ከተሳሳትኩም በአንድ መስመር ሰርዤ ከጎኑ ለምን እንደተሳሳትኩ እጽፋለሁ። ገጽ መቅደድ ትቻለሁ። የቀደድኳት ያች የመጀመሪያዋ ገጽ ግን እስካሁን ትቆጨኛለች። ለእናንተ ደግሞ አንዲት ጥያቄ ልተውላችሁ። በሦስት ዳይስ ቢያንስ አንዴ ስድስት የማግኘት ዕድሉ 91/216 ነው። ይህ ሁለት ጊዜ በተከታታይ የመሆን ዕድሉ ስንት ነው? መጀመሪያ ካርዳኖ በተሳሳተበት መንገድ፣ ቀጥሎ ባረመው መንገድ ሥሩት። ሁለቱንም መልስ አትሰርዙ።